ሰነዱ የተቆረጠ ዶቃ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ከዒሻ ሰላት በኋላ ለጀማዓችን ካቀረብኩት ንግግር የተወሰደ ነው። የመስጊዳችን ኮሚቴ ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ሲያዘጋጅ በጽሑፍ እንዳቀርበው ስለጠየቀኝ፣ በዕለቱ ያልነበራችሁም ታገኙት ዘንድ ከጥቂት እርማት ጋር እነሆ ብያለሁ። ርዕሱ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ይሁን እንጂ ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት ጉዳዩ ከበረሃው ተነስቶ ከገዛ ደጃፋችን እንደሚደርስ ታያላችሁ።

ቁርኣን በምድር ላይ እንድንጓዝና ከእኛ በፊት የነበሩት ሕዝቦች ፍጻሜያቸው ምን እንደሆነ እንድናስተውል በተለያዩ ሱራዎች ያሳስበናል። ሱረቱ ሩም ከእነዚህ መካከል አንዷ ናት። እኛ ግን ለንግድ፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለዚያራ ካልሆነ በቀር፣ ለማየትና ለማስተዋል ብለን ከቤታችን የምንወጣበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። መንገዱን እንሄድበታለን፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ምን እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

የእኛም ጉዞ የተነሳው በኒካሕ ምክንያት ነበር። ከጀማዓችን አንዱ ወንድም ልጁን ድሬዳዋ ስለዳረ፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ሃያ ያህል ሆነን በአንድ አውቶቡስ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አድርገን ወረድን። ሰርጉ በሰላም ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ተረፈን። ከወጣቶቹ ገሚሱ ቀፊራ ገበያ ልብስ ሊገዙ ፈልገው ነበር። በሹራ ከተነጋገርን በኋላ ግን ቀኑን በአካባቢው የሚገኙትን ጥንታዊ ቦታዎች ለማየት እንድናውለው ተስማማን።

ጠዋት ገና ሙቀቱ ሳይበረታ የሄድነው ፖርክ ኤፒክ ወደሚባለው ዋሻ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዋሻው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ከገደል ወገብ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴይያር ደ ሻርደን የተባሉ ፈረንሳዊ ቄስና ተመራማሪ ከአገራቸው ሰው ከሄንሪ ደ ሞንፍሬይ ጋር ሆነው ለዓለም አስተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ቁፋሮዎች የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከ4000 በላይ ቁርጥራጭ የቀይና የቢጫ ቀለም አፈርም ወጥቷል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ሰዎች ይህን አፈር እየፈጩ ቀለም ያደርጉት የነበረው ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ዳገቱን በምርኩዝ የወጡ አንድ ሐጂ ከዋሻው አፍ ላይ አረፍ ብለው፣ «ታዲያ እነዚህ ሰዎች የማን ዘመድ ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ። አንዱ ወጣት ፈጠን ብሎ፣ «የሁላችንም ናቸዋ ሐጂ» አላቸው። ሐጂም ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። እኔም በዚያ ሰዓት ከዚህ የሚበልጥ ኹጥባ አልነበረኝም።

ከዚያ ወደ ሐርላ ሄድን። ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከበረሃው ሜዳ ወደ ደጋው በሚወጣው ተራራማ ቦታ ላይ ያለች የኦሮሞ ገበሬዎች መንደር ናት። ማሽላውና ጫቱ በበቀለበት እርከን መካከል ታላላቅ ጥርብ ድንጋዮች ይታያሉ። የአካባቢው ሰዎች ይህን ድንጋይ ተሸክሞ የገነባው ግዙፍ ሕዝብ ነው እያሉ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ። የሐርላ ሕዝብ ስም ስለ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በተጻፈው በፉቱሕ አል ሐበሻ ውስጥም ይገኛል።

ከእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዚህ ቦታ ቁፋሮ መርተዋል። በ2017 ለዓለም የተነገረው ግኝት ብዙዎችን አስደንቋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም በሂጅራ አቆጣጠር በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ መስጊድ ተገኘ። አሠራሩ በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከሚገኙት ጥንታዊ መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። ከእርሱም ሌላ የሙስሊሞች መቃብርና የመቃብር ድንጋዮች፣ የመስታወት ዕቃ ስብርባሪ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛጎል፣ ከቻይናና ከየመን የመጣ ሸክላ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የተሠሩ የነሐስና የብር ሳንቲሞች ተገኙ። ብር፣ ነሐስና የከበረ ድንጋይ ይሠራበት የነበረ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቤትም ወጣ፤ የዶቃው አሠራር ከህንድ አገር ሙያ ጋር የተዛመደ ነው ይባላል። እንግዲህ አሁን ማሽላ የሚዘራበት ያ ተረተር አንጥረኛው፣ ነጋዴውና ሙአዚኑ አብረው የኖሩበት ከተማ ነበር ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ የሐርላ መስጊድ በተሠራበት ዘመንና ከእርሱም ቀጥሎ በነበረው ጊዜ፣ በላስታ ደግሞ ክርስቲያን ወገኖቻችን ቋጥኝ ፈልፍለው አብያተ ክርስቲያናት ያንጹ ነበር። በትግራይ ኲሓ አጠገብ ቢለት በተባለው ቦታ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ የዐረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። በኢፋትም ወደ አፋር በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ኖራ፣ አስበሪና መሳል የተባሉ የፈረሱ የሙስሊም ከተሞች አሉ፤ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አጥንተዋቸዋል። ይህን የምጠቅሰው አንዱ ወገን በሌላው ላይ እንዲኮራ አይደለም። ሙስሊሙ በዚህ አገር የትናንት እንግዳ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመን፣ ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ ልናሳየው የምንችለው ምስክር እንዳለን ለማስታወስ ነው። ነገር ግን ምስክር የሚጠቅመው ቃሉ ሲጠበቅ ብቻ ነው። የንግግሬ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

በሐርላ ሳለን አንድ ነገር ሆነ። አንድ የመንደሩ ልጅ በመዳፉ አራት አምስት ዶቃ ይዞ መጣ። ከመካከላቸው አንዷ እንደ ፍም የቀላች የካርኔልያን ዶቃ ነበረች። ከእኛ ወጣቶች አንዱ 200 ብር አውጥቶ ገዛትና ደስ ብሎት አሳየን። አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ልጁ ዶቃዋን ከወዴት እንዳገኛት ሲጠየቅ ዝናብ ከሸረሸረው ገደል ስር ነው አለ፤ የትኛው ገደል እንደሆነ ግን በእርግጥ አላወቀም።

ወጣቱ የሽማግሌውን ፊት አይቶ ወደኔ ዞረና፣ «ሸኽዬ፣ ይህ ሪካዝ አይደለም እንዴ? አንድ አምስተኛውን ሰጥቼ የቀረው የእኔ አይሆንም?» አለኝ። ጥያቄው የተማረ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ደስ አለኝ፤ መልሱን ግን እዚያው በሁሉም ፊት ሰጠሁት።

ውድ አንባቢ፣ ሪካዝ ማለት ከእስልምና በፊት የነበሩ ሰዎች የቀበሩት ሀብት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ በጠነከረው አስተያየት መሠረት ሪካዝ በወርቅና በብር የተወሰነ ነው፤ የሰው ይዞታ በሆነ መሬት ውስጥም ከተገኘ ነገሩ ወደ ባለመሬቱ ይመለሳል። ሙስሊሞች በኖሩበት ከተማ የተገኘና የእነርሱ ምልክት ያለበት ዕቃ ደግሞ ሪካዝ አይባልም። ሉቀጣ ነው፤ ወድቆ የተገኘ የሰው ንብረት ማለት ነው። ሉቀጣን ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት እንጂ ኪሱ አይከተውም። የአገሪቱም ሕግ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ሳይታሰብ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ሸሪዓውም ሕጉም የሚሉት ተቀራራቢ ነው።

ይሁን እንጂ ወጣቱን ያሳመነው ይህ አልነበረም። ያሳመነው ሌላ ምሳሌ ነው። እንዲህ አልኩት፤ «አንድ ሰው መጥቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ ብለዋል ቢልህ መጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ?» «ከማን ሰማህ እለዋለሁ» አለኝ። «ከመንገድ ላይ ሰማሁት ቢልህስ?» «አልቀበለውም» አለ። «እንግዲያው ይህች ዶቃ ሐዲስ ብትሆን ኖሮ ሰነዷ ተቆርጧል» አልኩት።

ነገሩን ላብራራው። ቁፋሮ የሚያካሂድ ባለሙያ መሬቱን በዶማ አያተራምሰውም። በትንሽ ማንኪያና በብሩሽ ንብርብሩን አንድ በአንድ እየገለጠ ይወርዳል። የታችኛው አፈር የቀደመው ዘመን ነው፤ የላይኛው የኋለኛው። ዶቃዋ በየትኛው ንብርብር፣ ከምን ጋር፣ ከግድግዳው ምን ያህል ርቃ እንደተገኘች ይመዘግባል። አጠገቧ የከሰል ፍርፋሪ ካለ በካርቦን 14 ልኬት ዕድሜው ይታወቃል። ሳንቲም ካለ የንጉሡ ስም ዘመኑን ይናገራል። ያን ጊዜ ዶቃዋ አንድ አንጥረኛ በዚህ ዘመን፣ በዚህ ቤት፣ ከዚህ አገር በመጣ ድንጋይ ሠራኝ ብላ ትመሰክራለች። ከአፈሩ ተነጥላ በልጅ መዳፍ ላይ ስትገኝ ግን ቀይ ድንጋይ ናት። ቆንጆ ናት፤ ምስክርነቷ ግን የለም። በአማርኛችን ሰነድ የምንለው ቃልና የሐዲስ ሊቃውንት ሰነድ የሚሉት አንድ ምንጭ ያለው በከንቱ አይደለም።

መድረሳ የተማራችሁ ነስቡ ራያ የተባለውን ኪታብ በስም ታውቁታላችሁ። በአል ሂዳያ ውስጥ የተጠቀሱት ሐዲሶች ከየት እንደመጡ፣ ማን ከማን እንዳስተላለፋቸው አንድ በአንድ ያጣራ ታላቅ ሥራ ነው። ጸሐፊው ጀማሉዲን አዝ ዘይለዒ ናቸው፤ በሂጅራ 762 በካይሮ ዐረፉ። መምህራቸው ፋኽሩዲን አዝ ዘይለዒም በሐነፊይ ፊቅህ የታወቁ ዓሊም ነበሩ። ዘይለዒ መባላቸው ወደ ዘይላ ወደብ ነው። ዘይላ ደግሞ የዚህ የምሥራቁ አገር ነጋዴዎች ወደ ባሕር የሚወጡባት በር ነበረች። እንግዲህ በዚህ ቀጠና ስም የሚጠሩ ሊቅ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰነድ በማጣራት ነው። እኛ የእነርሱ ወራሾች ነን የምንል ከሆነ፣ የድንጋዩን ሰነድ በ200 ብር ልንቆርጠው አይገባም።

ወጣቱ አልተከራከረም። ዶቃዋን በወረቀት ጠቀለላት፤ ከወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የመንደሩን ስምና ልጁ የተናገረውን ጽፎ ለቅርስ ባለሙያ እንዲያደርሱለት ለሽማግሌው ሰጣቸው። 200 ብሩን ከልጁ አልተቀበለም። ይህም ትክክል ነው። ደብተር መግዣ ያጣ ልጅ ያገኘውን ቢሸጥ ወቀሳው በእርሱ ላይ አይደለም። ገዢ ከሌለ ሻጭ የለም፤ ገዢው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ከከተማ የመጣ ሰው ነው።

የዙህር ሰላት ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ተነሳ። ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ ከጥንታዊው መስጊድ ፍርስራሽ ላይ ቆመን እንስገድ አሉ። ምኞታቸው ከናፍቆት የመጣ ነው። እኔ ግን የተገለጠው ግንብ በሃያ ሰው እግር ቢረገጥ ይናዳልና እዚያ አንቁም፣ የመንደሩ ሰዎች በሚሰግዱበት እንስገድ አልኩ። ሙሳፊር ስለነበርን ዙህርንና ዐስርን አሳጥረንና ሰብስበን ሰገድን። በዚያውም ይህን ነገርኳቸው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ መስጊድ ቢፈርስና መልሶ መሥራት ባይቻል እንኳ መሬቱና ድንጋዩ ወቅፍነቱን አይለቅም፤ አይሸጥም፤ ወደ ግለሰብ ንብረትም አይመለስም። ሐንበሊዮች ጥቅሙ ጨርሶ ሲቋረጥ ሸጦ በሌላ ቦታ መተካትን ፈቅደዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ገንዘቡ ለመስጊድ እንዲውል እንጂ እንዲባክን አላሉም። እንግዲህ በሐርላ ያለው ድንጋይ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላም አማና ነው። ለአጥር ወይም ለጎተራ መሠረት የሚነቅለው ሰው ይህን ቢያውቅ እጁን ይሰበስባል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሐጂ ደግሞ ስለ መቃብሮቹ ጠየቁኝ። በአካባቢው ከተቀበሩት 300 ያህል ሰዎች የአንዳንዶቹ ቅሪት ለጥናት እንደተመረመረ ሰምተው ከብዷቸዋል። ቢከብዳቸው አይፈረድባቸውም። የሙስሊም አስከሬን ክብር በሕይወት እንዳለ ሰው ክብር ነው፤ መሠረቱ አለመንካት ነው። ጥናቱ የግድ ነው ከተባለም ከአካባቢው ዑለማዎችና ሽማግሌዎች ጋር በመመካከር፣ በአክብሮትና ወደ ቦታው በመመለስ መሆን ይገባዋል። ይህን ከባለሙያዎች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የእኛ የኢማሞች ድርሻ ነው። ዳር ቆመን ብናጉረመርም ሟቹን አንጠቅመውም፤ እውቀቱንም አናገኘውም።

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ቦሌ፣ ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያት የምንላቸው ሰፈሮች ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሰፊው ክፍላቸው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆነዋል። ጀማዓችንም ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከሐረር፣ ከጅማና ከሌላውም የተሰበሰበ ነው። እያንዳንዱ የትውልድ ቀዬውን መስጊድ ታሪክ ይነግራችኋል። ይህ ራሱ የሚሰግድበት መስጊድ እንዴት እንደቆመ ብትጠይቁት ግን ብዙው ዝም ይላል። የሐርላን ድንጋይ ማን ተሸከመው ቢባል «ግዙፍ ሰዎች» የተባለው ሰነዱ ስለጠፋ ነው። የእኛንስ መስጊድ ማን ሠራው ቢባል የልጅ ልጆቻችን ምን ይሉ ይሆን?

በአንድ ጀንበር የሚጠፋም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በትግራይ በተነሳው ጦርነት የነጋሹ የአል ነጃሺ መስጊድ መጎዳቱን ሁላችንም በሐዘን ሰምተናል። የጦርነት ጥፋት ያስለቅሰናል። ነገር ግን በሰላም ቀን፣ በገዛ እጃችን፣ በማሳመር ስም የምናጠፋውስ? አሮጌውን ግንብ አፍርሶ በእብነ በረድ የመተካት ፍላጎት በየሰፈሩ አለ። ሰጋጁ ስለበዛ ማስፋት ግዴታ ይሆናል፤ በዚህ አልከራከርም። የእኛም ኮሚቴ አሮጌውን የሰላት ቤት ለማስፋፋት በዝግጅት ላይ ነው። ስለዚህ በጀማዓው ፊት ያልኩትን በዚህ መጽሔትም ላይ እደግመዋለሁ።

ግንቡ ከመፍረሱ በፊት በሁሉም አቅጣጫ ፎቶግራፍ ይነሳ፤ ርዝመቱና ስፋቱም ይለካ። የመጀመሪያው የመሠረት ድንጋይ ለሥራ ተቋራጭ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ አይሂድ፤ በአዲሱ ግድግዳ ውስጥ በሚታይ ቦታ ይግባ። በቆርቆሮው ዘመን የነበረው የእንጨት ሚንበር ለማገዶ አይሰጥ። አሥር ብርና አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያዋጡ ሰዎች ስም ያለበት ያ አሮጌ መዝገብ በካርቶን ውስጥ ከአይጥ ጋር አይደር፤ ይባዛና በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ከመሥራቾቹ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው። ወጣቶች በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ በማን ማሳ ላይ፣ በማን ፈቃድ፣ በየትኛው ዓመት እንደተጀመረ ይናገሩ። ስትቀዱም ቀኑንና የተናጋሪውን ስም አትርሱ። በየቤታችሁ ከአያቶቻችሁ የቀረ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ካለ ለነጋዴ ከመሸጣችሁ በፊት ለዑለማ አሳዩ፤ ማን እንደጻፈውና ከየት እንደመጣም በወረቀት ጽፋችሁ በውስጡ አኑሩ።

አንዳንድ ወንድሞች ይህ ሁሉ ድንጋይና ወረቀት ማክበር ወደ ማይገባ ነገር ይወስዳል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ድንጋይን መለመንና የድንጋይን ምስክርነት መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐዲስን የጠበቁልን ሊቃውንት ወረቀቱን አላመለኩም፤ ወረቀቱን ባይጠብቁልን ግን እኛ ዛሬ በምን እንሰግድ ነበር? ጥንቃቄውን ከእነርሱ እንማር።

በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ለወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ አመሰግናለሁ፤ መዝገቡ ተገኝቶ መባዛት ጀምሯል። የጎደለው የእናንተ ነው። በእጃችሁ ያለ ፎቶግራፍ፣ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም ትዝታ ካለ ከጁሙዓ በኋላ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አምጡ፤ ተቀድቶ ይመለስላችኋል።

አላህ (ሱ.ወ.) የቀደሙትን ይማርልን፤ የተዉልንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን፤ አገራችንንና ሕዝቦቿን በሰላም ያኑርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።